ጋሼ «ሱዳን» አሉ፣ እኛ ሳቅን

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 33 ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ጉዳዬ ለሰሚው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ ጓደኛሞች አለን፤ አራት ባልና ሚስት ነን። በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት እንሰበሰባለን፣ ሳሎናችን ሰፋ ስለሚል። እራት እንበላለን፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ እንጫወታለን። ጥያቄዎቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ እንኳ ስልኬ ላይ ጥያቄ ስጽፍ ነው የምሰነብተው። እውነቱን ለመናገር ከወሩ ሁሉ የምናፍቀው ያን ማታ ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለሕክምና ከኮምቦልቻ መጥተው እኛ ጋ ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። 58 ዓመታቸው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ሥራ ገቡ፣ በኋላም የከባድ መኪና ሾፌር ሆኑ። ባለቤቴን አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዝምተኛ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ክፍላቸው ሆነው ነው ያሳለፉት። ባለፈው ግን «ጋሼ፣ እርስዎም ይጫወቱ እንጂ» ብዬ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ብዙውን ጥያቄ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «በቆዳ ስፋት ከአፍሪካ አንደኛዋ አገር ማን ናት?» ብዬ ስጠይቅ፣ ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ሱዳን!» አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ ያለውን የስህተት ድምፅ ተጫንኩት። ጥዝዝ አለ። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ «ጋሼ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው እንዴ የተማሩት?» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጋሼም ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይተው «መድኃኒቴን ልውሰድ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ዜና ማየት ትተዋል። ለሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ «ዘመድ ጋ አድራለሁ» ብለዋል። ባለቤቴ «ወንድሜን በገዛ ቤቱ አዋረድሽው» ብሎ አኩርፎኛል። ጨዋታውን ጨርሶ ልተወው? ይቅርታ ብጠይቃቸው የተረሳ ነገር መቀስቀስ አይሆንም? ለነገሩ ጨዋታውም እየተበላሸ ነው። አንዱ ጠረጴዛ ሥር ስልኩን ይጎረጉራል። በራስ ዳሸን ከፍታ ተጨቃጭቀን ሰው አኩርፎ ሄዷል። የአንዱ ጓደኛችን ሚስት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ መልስ ተናግራ አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ጥያቄ አዘጋጇ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት «ፊታቸው በርቶ ነበር» ያልሽው ቦታ ላይ ነው። ሳቁ መሀል ሆነሽ ያን ፊት አይተሻል፣ እስከ ዛሬም አልረሳሽውም። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። የባለቤትሽ ኩርፊያ ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ነው። ስለዚህ እኔም ከጋሼ ልጀምር።

በመጀመሪያ ያቺን ጥያቄ ራሷን እንያት። ሱዳን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በእርግጥም የአፍሪካ ትልቋ አገር ነበረች። ስፋቷ 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ስትሆን ነው አንደኝነቱ 2.38 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትሰፋው አልጄሪያ የሄደው። ሱዳን ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክም ቀጥላ ሦስተኛ ሆነች። አሁን የጋሼን ዕድሜ አስቢው። ስምንተኛ ክፍል የነበሩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ የጂኦግራፊ መምህራቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት «ሱዳን» ብለው ነው። ለሚኒስትሪ ፈተና የሚጠናውም ይኸው ነው። ጋሼ ያቺን መልስ ከአርባ ዓመት በላይ ይዘዋት ዞረዋል። ያን ማታ አውጥተው ሰጡሽ።

ጥያቄሽ ዓመት አልነበረውም። «ዛሬ» ወይም «ከ2003 ወዲህ» የምትል አንዲት ቃል ቢኖርባት ኖሮ ጋሼ ምናልባት ቆም ብለው ያስቡ ነበር። አየሽ፣ ጠቅላላ ዕውቀት የምንለው ነገር ከምናስበው በላይ ቶሎ ያረጃል። እኔ ስማር ፕላኔቶች 9 ነበሩ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ፕሉቶ ከዝርዝሩ ወጣችና 8 ቀሩ። የናይጄሪያ ዋና ከተማ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ ሌጎስ ነበረች፣ ከዚያ አቡጃ ሆነች። የገዛ አገራችን ክልሎች እስከ 2012 ዓ.ም. 9 ነበሩ፣ ዛሬ 12 ናቸው። ክፍለ ሀገር እያሉ የተማሩ ሰዎች ደግሞ አሁንም በየቤቱ አሉ። ልጅሽ አድጋ እናንተን የምትጠይቅበት ቀን ሲመጣ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት ከምትመልሻቸው ስንቶቹ ተለውጠው ይጠብቁሽ ይሆን?

ይሄን የምልሽ ጥፋትሽን ላከብድብሽ ብዬ አይደለም። ይቅርታ ስትጠይቂ በእጅሽ የሚኖር እውነተኛ ነገር እንዲኖርሽ ነው። «ይቅርታ፣ ካስቀየምኩዎት» ማለት አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ እኮ» ማለት ደግሞ ሌላ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አብረን እናስብ። ጋሼ ሦስት ወር ሙሉ ሲሰጣቸው ነው የከረሙት። አልጋ ይነጠፍላቸዋል፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ሐኪም ቤት ይወሰዳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰጪ ለነበሩ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ታናሽ ወንድምን ለማስተማር ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ሰው፣ በታናሽ ወንድሙ ቤት፣ በተማሩ ሰዎች መሀል ተቀምጧል። ከዚያ አንድ የሚያውቁት ጥያቄ መጣ። ብድግ ያሉት ለዚያ ይመስለኛል። እዚያ ሳሎን ውስጥ ከነበረው ዕውቀት ከፊሉ እኮ በእሳቸው መሪ የተከፈለ ነው። «በምኒልክ ጊዜ ነው እንዴ የተማሩት?» የምትለው ቀልድ በሌላ ሰው ላይ ብትወድቅ ቀልድ ሆና ታልፍ ነበር። በጋሼ ላይ ስትወድቅ ግን የወደቀችው ያቋረጡት ትምህርት ላይ ነው። ጓደኛችሁ ይሄን ታሪክ ያውቅ ነበር? ካላወቀ አትፍረጂበት። ለብቻው አግኝተሽ ንገሪው፣ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይቅርታ ጠይቂያቸው። የተረሳ ነገር መቀስቀስ ይሆናል ብለሽ ፈርተሻል፤ ግን ዜና ማየት የተወ ሰው አልረሳም። ከሰው ፊት ግን አይሁን። ጠዋት ልጅሽ ትምህርት ቤት ከሄደች፣ ባለቤትሽም ሥራ ከገባ በኋላ ቡና አፍዪላቸው። አቦሉ ላይ ነገሩን ጨርሺው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ያን ማታ አጥፍቻለሁ። ጥያቄዬ ጎደሎ ነበር፣ እርስዎ የመለሱት እስከ 2003 ድረስ ልክ ነበር። ሰው አስቄብዎታለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ይቅር ይበሉኝ» በያቸው።

«ኧረ ተይው የኔ ልጅ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ» ይሉሻል ብዬ እገምታለሁ። ያኔ ደግመሽ ደጋግመሽ አትለምኛቸው። አታልቅሺባቸውም፤ ካለቀስሽ እሳቸው ናቸው አንቺን ማባበል የሚጀምሩት። ቶናውን ቅጂና ወሬ ቀይሪ። ስለ መንገዱ ጠይቂያቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ የሚወርደውን መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ የኮምቦልቻ ሰው እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ዕድሜያቸውን ሳሰላው በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ሳይዘጋ አሰብንም ሳያዩ አልቀሩም። ያኔ የሾፌር ሕይወት ምን ይመስል ነበር? በሚሌ ሙቀት ጎማ ሲፈነዳ ምን ይደረጋል? አንቺ ጥያቄ መጠየቅ የምትወጂ ሰው ነሽ። መልሱን የማታውቂውን ጥያቄ ጠይቂያቸውና አዳምጪ። ነጥብ የለበትም።

«ቅዳሜ ይምጡ» ብለሽ ግን በዚያው ቡና ላይ አትጎትቻቸው። ዘመድ ጋ ማደር ከፈለጉ ይደሩ፣ ስንቅ ቋጥረሽ ሸኚያቸው። የመመለሻውን በር እሳቸው ራሳቸው ቢከፍቱት ይሻላል።

ባለቤትሽን በሚመለከት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳቁ ሲነሳ እሱ ምን አደረገ? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም። «ተዉ እንጂ» ብሎ ነበር? ወይስ ዝም አለ? ወይስ ሳያስበው አብሮ ሳቀ? ዝም ብሎ ወይም ስቆ ከነበረ፣ ከቁጣው የተወሰነው በራሱ ላይ ነው። ሰው ያሳደገውን ወንድሙን ሳይከላከል ሲቀር የሚሰማው ነገር ከባድ ነው፤ ለሌላ ሰው ማሸከምም ይቀላል። ይሄን እየነገርሽ ግን አትሟገቺው። «ሁላችንም ነን የሳቅነው» ብትይው እውነት ነው፣ ግን አሁን አይረዳሽም። «ልክ ነህ፣ ጋሼን አነጋግሬያቸዋለሁ» በይው። ከዚያ አስከትለሽ «ልጅ ሆነህ ጋሼ ከመንገድ ሲመጡ ምን ይዘውልህ ይመጡ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ኩርፊያው ከዚያ በኋላ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ጨዋታውን ልተወው ወይ ላልሽው፣ እባክሽ አትተዪው። አንደኛ፣ ትወጂዋለሽ። ታክሲ ውስጥ ሆና ጥያቄ የምትጽፍ ሴት እንዲህ ያለ ደስታዋን እንድትጥል መምከር አልችልም። ሁለተኛ፣ ከተውሽው ጋሼ በእሳቸው ምክንያት እንደቀረ ያውቃሉ። የቤቱን ደስታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው ደግሞ ሌላ ሸክም ይሸከማሉ። ጨዋታው ይቀጥል፣ አጨዋወቱን ግን ቀይሪው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀጂልኝ፣ ጉዳዩን እኔም ከልቤ እወደዋለሁና።

ልጅ ሆነን «እንቆቅልህ» ስንባባል ትዝ ይልሻል? «እንቆቅልሽ?» ትላለች አያትሽ። «ምን አውቅልሽ?» ትያለሽ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ታስቢያለሽ፣ ትሞክሪያለሽ፣ ያቅትሻል። ያኔ አያትሽ ምን ትላለች? «አገር ስጪኝ» ትላለች። አንቺም «ጎንደርን ሰጠሁሽ» ትያለሽ። እሷ ጎንደርን ተቀብላ፣ ገብታ፣ በልታ ጠጥታ፣ ስትፎክርብሽ ትቆይና «ወንዝ ነው» ብላ መልሱን ትነግርሻለች።

ይሄ አጨዋወት ውስጥ ያለውን ብልሃት ልብ በይ። ያላወቀው ሰው ባዶ እጁን አይቀርም፤ የሚሰጠው አገር አለው። ለዚያውም የትኛውን እንደሚሰጥ የሚመርጠው እሱ ነው። ፉከራውና ስድቡም ቢሆን የተለመደ ግጥም ነው። ለሁሉም እኩል ስለሚባል ማንም በራሴ ላይ ተባለ ብሎ ቅር አይለውም። በስልክሽ ላይ ያለው ጥዝዝታ ይሄ ሁሉ የለውም። እሱን አጥፊውና በምትኩ «አገር ስጡን» የሚለውን አምጪው። መልሱ የጠፋበት ቡድን አንድ ከተማ ይስጥ፤ ከከተማዋ ጋር ስለ እሷ አንድ የሚያውቀውን ነገር ይናገር። «ባቲን ሰጠናችሁ። የሰኞ ገበያዋ ስሟ የተጠራ ነው» ይበል። ያቺ ከተማ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ታስገኝለት። ጋሼ እንደዚህ ባለ ጨዋታ ላይ ስንት ከተማ እንዳላቸው አስቢው። ያደሩባቸውን ብቻ ቢቆጥሩ እኮ አይነጋም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰው ለብቻው አይመልስ። እንግሊዞች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመጠጥ ቤቱ የሚጫወቱት ጥያቄና መልስ በቡድን ነው። ጠረጴዛው ተንሾካሹኮ ይስማማል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ስህተቱ የማን እንደነበር ከጠረጴዛው ውጪ ማንም አያውቅም። ጋሼ ያን ማታ «ሱዳን» ያሉት ለቡድናቸው በሹክሹክታ ቢሆን ኖሮ አንዱ «ጋሼ፣ ከተከፈለች በኋላ እኮ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ለካ!» ብለው ያልፉት ነበር። ቡድኑን በዕጣ አውጪው። ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ ጎበዝና ጎበዝ አንድ ላይ እየሆነ ነው ሰው የሚቀረው።

ሦስተኛው የጥያቄዎቹ ጉዳይ ነው። ደስ የሚለው ጥያቄ መልሱ ሲነገር ሰው «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ ሁሉም ያውቃል። ጠይቀሽው ሁሉም ይጮሃል፣ ያልቃል። በምትኩ «ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ በፊት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ምን ደርሶበት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። እንደዚያ ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛው ሯጭ እስኪገባ ከአራት ደቂቃ በላይ ነበረው፤ እሱ ግን ሜዳው ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ጠበቀ። ለሕክምና የመጣ ሰው ባለበት ቤት ይሄን ጥያቄ ብሰማው እወዳለሁ።

ወይም ለወሎ ሰው «ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። የትኞቹ ናቸው?» በይ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል መሆናቸውን ለመመለስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዘፈን መስማት ይበቃል። መልሱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ አንዱ ባቲን ያንጎራጉርላችሁ። ማን ያውቃል፣ ጋሼ መሪ ይዘው ስንት ሌሊት ሲያንጎራጉሩ አድረው ይሆናል።

ቤቱን ሁሉ እኩል የሚያደርግ ጥያቄም አለ። ድንቅነሽን ታውቂያታለሽ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። «ቆማ ብትመጣ ቁመቷ እስከየት ይደርሳል?» በይና ለእያንዳንዱ ሰው እርሳስ ስጪ። ሁሉም ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ወረቀት ጋ ሄዶ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ሜትር አውጥተሽ ለኪ። 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበረች። ከዚያ ልጅሽን ጥሪያትና ወረቀቱ ጎን አቁሚያት። ስለ ቅድመ ታሪክ ያነበበውም ያላነበበውም ምልክቱ እዚያው ወረቀት ላይ ነው። በጣም የቀረበው ያሸንፋል። ያሸነፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልጠበቅሽው ሰው ነው።

ስለዚያች ዝምተኛ ጓደኛችሁ ብዙ አልነገርሽኝም። ዓመት ሙሉ ዝም ያለች ሴት ዓመት ሙሉ እየመጣች መሆኑን ግን ልብ ብዬዋለሁ። እንግዲህ የምትወደው ነገር እዚያ ማታ ውስጥ አለ ማለት ነው። ምናልባት መስማት ይበቃት ይሆናል። ደውለሽ «አምስት ጥያቄ አውጪልኝ፣ ስለፈለግሽው ነገር» በያት። ስለ አበባ ይሁን፣ ስለ ፊልም ይሁን፣ ስለ ሒሳብ ይሁን፣ ምን እንደምትመርጥ ያኔ ታያለሽ። አንዳንዴ ደግሞ በቃል የማይመለስ ጥያቄ አምጪ። ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ በየስኒው አድርጊና ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እያሸተተ ይጻፍ። ይሄን ባደረግንበት ቤት ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ያምታታው ሰው ብዛት አስገርሞኛል።

የስልኩ ነገር ቀላል ነው። ጨዋታው ሲጀመር ስልክ ሁሉ ሰፌድ ላይ ይሰብሰብ፣ ያንቺም ጭምር። ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጻፊያቸው።

የራስ ዳሸንን ጠብ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ነው የጠራው። አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል፣ ሌላው 4,550፣ ሌላው 4,533። የተኳረፉት ሰዎች ሁሉም አንብበው ነው የመጡት። «የአፍሪካ አገሮች ስንት ናቸው?» የሚለውም እንደዚያው ነው። በተባበሩት መንግሥታት ቆጠራ 54፣ በአፍሪካ ኅብረት አባልነት 55። እንዲህ ዓይነቱን ወይ ጠበብ አድርገሽ ጠይቂው ወይ ተዪው። ስለዚያው አካባቢ መጠየቅ ካማረሽ ይሄ ይሻልሻል፦ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የትኞቹ? ሰሜን ተራሮችና ላሊበላ። በዚህ የሚጣላ የለም።

ለጋሼ የሚሆነውን ሥራ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ቡና አንድ ሳምንት ቆይተሽ፣ ብዕርና ወረቀት ይዘሽ ሂጂና «ጋሼ፣ ስለ መንገድ ጥያቄ ማውጣት ፈልጌ አቃተኝ። ሦስት ብቻ ይንገሩኝ» በያቸው። ለማስመሰል አይደለም። በእርግጥም አንቺ የማታውቂውን ያውቃሉ። እንደ አነጋገራቸው ጻፊው። ከፈለጉ በጨዋታው ማታ አንቺ ታነቢዋለሽ፤ «የማን ጥያቄ ነው?» ቢባል ስማቸውን መናገርም አለመናገርም የእሳቸው ፈቃድ ይሁን። «አልፈልግም» ካሉ ደግሞ አልፈለጉም፤ ቡናው ይቀጥል። እኔ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጌ የማነበው «ከባቲ ወርዶ ሚሌን አልፎ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ድንበር የሚሻገርበት ቦታ ማን ይባላል?» የሚለውን ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ስምንቱ ሰዎች ጋላፊን ያውቁት ይሆን?

ለጋሼ ሕክምናው ይቅናቸው፣ ምሕረቱን ይላክላቸው። የሰጡሽን ሦስት ጥያቄ ለእኔም ጻፊልኝ። መልሶቹን አትላኪ፣ መጀመሪያ ልሞክራቸው። ካቃተኝ አገር እሰጣቸዋለሁ።